የኢንሱሊን መንገድ

ልጅ ሳለሁ፣ ተኩስ በርትቶ መንገድ የተዘጋብን ሰሞን ከተማችን ሉማሜ ላይ አውቶቡስ ቆመ፣ መብራት ጠፋ፣ የአባቴም ሱቅ ተቆለፈ፤ እኛም ቤታችን ውስጥ ተከተትን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ተኩሱ አልነበረም። ስኳር በሽታ ስላለብኝ በየቀኑ የምወጋው ኢንሱሊን እያለቀ ነበር፤ አዲሱ መድኃኒት ደብረ ማርቆስ ቀርቷል። የተረፈችውን ብልቃጥ፣ እንዳትሞቅ፣ እናቴ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀብራት ነበር።

አክስቴ ዘሃራ የባዮሎጂ መምህርት ነች፤ ያኔ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መሄጃ አጥታ እኛው ጋ ቀረች። ማታ ማታ ፍሙን ከበን ስንቀመጥ፣ በኩራዙ ጭስ ዓይኗን እያሸች ተረት ትነግረኝ ነበር። ጅብና ቀበሮ አይሆኑላትም፤ ተረቷ ሁሉ ስለ ሕዋስ ነው።

ኢንሱሊን ቆሽት ውስጥ ስትሠራ የምትሄድበትን አድራሻ ግንባሯ ላይ ይዛ ነው የምትወለደው፣ አለችኝ። አድራሻውን የሚያነብ መሪ ተቀብሎ አንድ በር ላይ ያደርሳታል፤ በሩን ስታልፍ አድራሻው ተቆርጦ ይቀራል። ውስጥ ትታጠፋለች፣ በደንብ መታጠፏ ይታያል፣ ከዚያ በከረጢት ተጠቅልላ ሕዋሱ ጠርዝ ላይ ትቆያለች፤ ስኳር ሲመጣ ወደ ደም ትወጣለች።

«እኔ ጋ መንገዱ ተዘግቶ ነው?» አልኳት።

«አይ የኔ እናት፣ መንገዱስ ነበረ። ሠሪዎቹ ናቸው የጠፉብሽ።»

ተናደድኩ፤ ቆሽቴ አረረ እንዳልል እሱም ከድቶኛል። እኔ ውስጥ ሠሪ የለም፤ ደብረ ማርቆስ መድኃኒቱ አለ፣ መንገድ የለም።

«መውጣት አቅቷት ውስጥ ተይዛ የምትቀረዋስ ምን ትሆናለች?»

አክስቴ ፍሙን ቆሰቆሰች። «ትጠብቃለች» አለች። «እስኪከፈትላት ትጠብቃለች።» በዚያው ተጽናንቼ ተኛሁ።

ብልቃጧ ልትደርቅ ስትል፣ የአባቴ ደንበኛ የነበሩ አንድ መሪጌታ በገጠሩ አቋርጠው በእግራቸው ደብረ ማርቆስ ደርሰው መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልን። አባቴ «አላህ እርስዎን ያቆይልኝ» ሲላቸው «አሜን» አሉ። መድኃኒቱ ገባ እንጂ መንገዱ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ አልተከፈተም።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያንኑ ትምህርት ተማርኩ። ሁሉም አክስቴ እንደነገረችኝ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ሕዋሱ ውስጥ ተይዛ የቀረችው አትጠብቅም፤ ተሰባብራ ትጠፋለች። አክስቴ ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የኖረች መምህርት ነች። ያን ማታ ግን የጠየቅኋት ስለ ራሴ እንደነበር ገብቷት ነበር።