ቆሜ እንድታየኝ

ከኡካ ተነስተን መቱ እስክንደርስ ፒካፑ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ተኝቼ ስል ምቾት እንዳይመስላችሁ። እጄ ታስሯል፤ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከግራ ዳሌዬ እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ እሳት ይወርዳል። ሚኒባስ እየነዳሁ ዕድሜዬን የተመላለስኩበት መንገድ ነው። የቱ ጉድጓድ በየት በኩል እንደሚታለፍ አውቃለሁ። መሪውን የያዘው ሰውዬ ግን አያውቅም፣ ወይም አላስፈለገውም። ጥፋቴ፣ እንደነገሩኝ፣ ሰልፈኛ መጫኔ ነው። እኔ ተሳፋሪን ወዴት እንደሚሄድ እንጂ እዚያ ደርሶ ምን እንደሚል ጠይቄ አላውቅም።

ያስገቡን ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፤ ከነገለባው የሚደርቀው የጀንፈል ቡና ሽታ ግን አልወጣም። ሲዘንብ፣ መቱ ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው፣ ያ ሽታ ከግድግዳው ይወጣና ከላቡና ከሽንት ባልዲው ጋር ይቀላቀላል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሰዉ ብዙ ስለሆነ በጎናችን ተጣብቀን እንተኛለን፤ ካቦው፣ ማለትም ራሳችን የመረጥነው የክፍሉ አለቃ፣ «ዙር!» ሲል ሁላችንም አብረን እንገለበጣለን። ዙሩ ወደ ግራ ሲሆን ጥርሴን ነክሼ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ።

ሕመሙ አዲስ አልነበረም። ጅማ ያየኝ ሐኪም ዲስኩ ተንሸራቶ ሲያቲክ የሚባለውን ነርቭ ተጭኖታል ብሎኛል፤ ሹፌር የሚወድ በሽታ ነው። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ ዮጋ አስተማረችኝ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት አስነክቶ መተንፈስ፣ አንዱን እግር አጥፎ ሌላውን ወደ ኋላ መዘርጋት። «በየቀኑ ካልሠራህ ትቆለፋለህ» ብላኝ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ሳልሠራ ሰነበትኩና እንዳለችው ተቆለፍኩ። ሽንት ቤት የምሄደው በሰው ትከሻ ሆነ።

በዚህ መሃል ምግብ የምታመላልስልኝ እህቴ መልእክት ላከችልኝ። በፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ቀን እናታችን ከኡካ መጥታ በሩ ላይ ልትቆም ነው። እናቴ ደም ብዛት አለባት። ከዚያ በፊት አንዱን ታማሚ በብርድ ልብስ ይዘው ሲያወጡት፣ ሚስቱ ሞቷል ብላ እዚያው በሩ ላይ ወድቃለች። ይህን እያሰብኩ ፍርድ ቤቱን ረሳሁት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እናቴ ቆሜ እንድታየኝ።

ለዚህ ደግሞ ወለል ያስፈልጋል። በዚያ ክፍል ባዶ ወለል የሚገኘው በጸሎት ሰዓት ብቻ ነበር። መሃል የተቀመጡት ተነስተው ግድግዳ ይለጠፉና መጀመሪያ ሙስሊሞቹ፣ ቀጥሎ ኦርቶዶክሶቹ፣ ቀጥሎ ጴንጤዎቹ ይጸልያሉ። ማንም ያላወጀው፣ ሁሉም የሚያከብረው ደንብ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙስሊሞቹ እንደጨረሱ እየተሳብኩ መሃል ገባሁ፤ ተንበርክኬም ግንባሬን ሲሚንቶው ላይ አደረግኩ።

ሁለት እጆች ትከሻዬን ያዙ። ከተማው ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቀስ አድርገው ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት፣ ወደ በሩ አዞሩኝ።

«ልጄ፣ ቂብላው በዚህ ነው» አሉኝ በለሆሳስ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የሰለምኩ መስሏቸው ነው።

«ጋሼ፣ እየሰገድኩ አይደለም።»

«ታዲያ ምን እያደረግክ ነው?»

«ዮጋ ነው።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ከጥግ በኩል አንድ የጴንጤ ዘማሪ ዘሎ ተነሳ። «የህንዶች አምልኮ ነው! መንፈስ ልታስገባብን ነው?» ኦርቶዶክሶቹ አማተቡ። እነሱና እሱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

ካቦው መጣ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። «አቦ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጸሎት ከሆነ፣ ወደ ማንም ይሁን፣ ቦታና ሰዓት ይሰጥሃል። ለአንድ ሰው ስፖርት ግን ይሄን ሁሉ ሰው አላስነሳም። ጸሎት ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን ምርመራ ላይ የማላውቀውን ነገር አዎ በል ሲሉኝ ሰንብተው እምቢ ብያለሁ፤ ለአንድ ክንድ ወለል ስል አዎ ማለት ከበደኝ። ግትርነትም ሊሆን ይችላል።

«ጸሎት አይደለም» አልኩ። «እግሬን አሞኝ ነው። የቀጠሮዬ ዕለት በእግሬ መውጣት እፈልጋለሁ። እናቴ በሩ ላይ ትቆማለች።»

ካቦው ወለሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ደንብ ደንብ ነው» አለ። ሰዎቹም ተመልሰው መሃሉን ሞሉት።

ያኔ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀምጠው የነበሩት ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ቆሙ።

«ጋሼ፣ ምነው? ይቀመጡ እንጂ» አላቸው አጠገባቸው ያለው።

«እግሬን ላፍታታ ነው። እናንተ ተቀመጡ።»

ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? አጠገባቸው ያለው ተነሳ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ተነሳ። ከዚያ መሃል ያሉት እየተያዩ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ዘማሪው እያጉረመረመ ጭምር። ካቦው ራሱ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ጋሼ ባዶውን ወለል በአገጫቸው አሳዩኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ አስር የሚባለው ሶላት እንዳበቃ፣ ጋሼ እግራቸውን ሊያፍታቱ ይነሳሉ፤ ክፍሉም አብሮ ይነሳል። እኔ ስዘረጋ ዘማሪው ዓይኑን ጨፍኖ መንፈሱን ይገሥጻል። እያደር ሥቃዬን አይቶ ተረከዜን ይዞ ይገፋልኝ ጀመር፤ መገሠጹን ግን አልተወም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስኬደዋል። ሰዉ በጣም የሳቀው በዚህ ነው። የጋሼ እግር ግን ከመቆሙ ብዛት አበጠ። «ጋሼ፣ ይቅርብኝ» ስላቸው «አንተ ብቻ ተንፍስ» ይሉኛል። ያ እግር ዛሬም ያሳዝነኛል።

ቀጠሮው ደረሰ። ጠባቂው «ካኢ! ተነስ!» ብሎ ሊደግፈኝ ክንዴን ሲይዝ «ተወኝ፣ እሄዳለሁ» አልኩት። ከመጋዘኑ እስከ ውጭው በር ጭቃ ነው። በረገጥኩ ቁጥር እሳቱ ይወርዳል። ፊቴን ፈታሁት፤ እንዲያውም ፈገግ አልኩ። እናቴ ነጠላዋ ላይ ፕላስቲክ ደርባ ከእህቴ ጋር ቆማለች። ስታየኝ ሳቀች፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ወፍረሃል እኮ!» አለችኝ። አልወፈርኩም። ፒካፑ ላይ በራሴ ወጣሁ።

ፍርድ ቤቱ ሌላ ቀጠሮ ሰጠ። ስመለስ ጋሼ ስለ ዳኛው አልጠየቁኝም።

«አየችህ?»

«አየችኝ።»

«ቆመህ?»

«ቆሜ፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ቁጭ አሉ።

ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል። ጋሼም ከእኔ በኋላ ተፈተው ነበር፤ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እኔ መንዳት ትቻለሁ። ከዚያ ቤት ምን ይዘህ ወጣህ ብባል፣ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ደህና ነው ብላ፣ ልቧ አርፎ ወደ ኡካ ተመልሳለች። በክፉ ቀን የምጽናናው በእሱ ነበር።

ባለፈው ክረምት እሷ ቤት ሰንብቼ፣ ጠዋት ተንበርክኬ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ እንዳደረግኩ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየች።

«ያን ዕለት በሩ ላይ» አለችኝ፣ «ግራ እግርህን ስትጎትት ጭቃው ላይ መስመር ሠርተህ ነበር።»

ግንባሬን ሳላነሳ «ታዲያ ለምን ሳቅሽ?» አልኳት።

«ካለቀስኩ ትወድቃለህ ብዬ ነዋ።»