የካፖርቱ አዝራሮች

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው፤ ጠመኔው ገና ኪሴ ውስጥ ነበር። ላሊበላ ውስጥ ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ምን አጠፋሁ ብል «እዚያው ይነገርሃል» አሉኝ፤ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ያስገቡኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ገብስ ገብስ ይሸታል፤ በሽንቁሩ የአሸተን ተራራ ይታያል። ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል። አንዱ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የኔታ እላቸዋለሁ። ሌላው እህል ሊጭን ኩልመስክ ሄዶ የተያዘ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። ብርዱን የቻልነው በሱ ካፖርት ነው፤ በየተራ እንለብሰዋለን።

አንድ ጠዋት ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ኔትወርክ መጥቷል። አንድ ሰው ብቻ በኔ ስልክ ቤቱ ይደውል፤ ከዚያ በላይ እኔንም ያስጠይቀኛል። ተመካከሩ፣ እመለሳለሁ» አለን።

«አንተ ደውል» አልኩት ነጋዴውን። ተቆጣ።

«ወላሂ አላደርገውም! የኔታም ሚስት አሏቸው። አንተም እናትህን በሕመም አልጋ ላይ ትተህ ነው የመጣኸው። እኔ በምን እበልጣችኋለሁ?»

«ያንተ ይብሳላ።»

«በምን ለካኸው? መምህር አይደለህ፣ ንገረኛ!»

ሁሉን እኩል ማየት ይቀድማል ወይስ ለባሰበት ማድላት? ይህን ጥያቄ ለፈተና ስንት ጊዜ አውጥቼዋለሁ! እዚያ መጋዘን ውስጥ ግን ተፈታኙ እኔ ሆንኩ።

የኔታ ሳቅ አሉ። «እንግዲያስ እንደ ቅርጫ ሥጋ ዕጣ እንጣል። የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያውጣው።»

ነጋዴው በዚህ ተስማማ። የሱ ምልክት ከካፖርቱ እጅጌ የነቀለው አዝራር፣ የየኔታ የነጠላቸው ክር፣ የኔ ጠመኔዬ ሆነ። ጠባቂው እስኪመለስ ካፖርቱ እንደ ልማዱ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ዞረ።

ጠባቂው ሲመጣ ቆቡን ተቀበልነው፤ ዕጣችንን በጭብጣችን ይዘን ከተትን። ፊቱን አዙሮ አንዱን አወጣ። አዝራር ነው!

«አልሐምዱሊላህ» አለ ነጋዴው። ቆቡን ለጠባቂው ሊመልስለት ሲገለብጠው የቀሩት ሁለት ዕጣዎች መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሁለቱም አዝራር ናቸው። የካፖርቱን እጅጌ አየ፤ እሱ የነቀለው አንድ፣ የጎደለው ሦስት። እኔና የኔታ ተያየን። ማርያምን፣ አልተመካከርንም!

«አታለላችሁኝ!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄ ዕጣ አይደለም፤ ይደገም!»

«ልጄ፣ ዕጣማ ነው» አሉ የኔታ። «ሦስታችንም አንድ ሰው ካወጣን ምኑ ይደገማል? ጠባቂው ሐሳቡን ሳይለውጥ ደውል።»

ተነሣ። ካፖርቱን ለበሰ፤ የደረቱን አዝራሮች እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ሚስቱ የምታየው ይመስል ጸጉሩን በእጁ አስተካከለ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያወራ ከስልኩ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። የኔታ አማተቡ። እኔ አለቀስኩ።

ዛሬ ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። «ማታለል ያው ማታለል ነው» የሚሉ አሉ፤ «የለም፣ ፍትሕ ነው» የሚሉም አሉ። ይከራከራሉ፤ እኔ አልፈርድም። ነጋዴው ራሱ በደወለ ቁጥር «አንተ ቀጣፊ!» ነው የሚለኝ፤ ደስ ይለኛል። እናቴ ግን ከመፈታቴ በፊት አረፈች። ድምፅዋን አለመስማቴ ይቆጨኛል፤ አዝራሩ አይቆጨኝም።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዕጣው ለእርስዎ ቢወጣ ኖሮ ይለቁለት ነበር?»

«እንዴት ይወጣልኛል?» አልኳት፤ ሰሌዳው ሥር ያለውን ጠመኔ አንሥቼ አሳየኋት። «የኔ ዕጣ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር።»