የሚስተር ፔንሮዝ ትዕዛዝ

ሩፈስ ኒውዮርክ፣ ፓርክ አቬኑ ላይ ካሉት የባለጸጎች ሕንፃዎች በአንዱ ሃያ ሁለት ዓመት በር ከፍቷል። ስለ ነዋሪዎቹ የማያውቀው ነገር የለም፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ውሻ ማንን እንደነከሰ፣ ማን ሐኪም ከልክሎት ተደብቆ እንደሚያጨስ ሁሉን ያውቃል። አፉ ግን ጥብቅ ነው። ሰዎች ወሬ ሲፈልጉበት፣ «እኔ የምከፍተው በር ብቻ ነው» ይላል።

ከሁሉም የሚቀርበው የአሥራ ሁለተኛው ፎቅ ሚስተር ፔንሮዝ ነበር። በአክሲዮን ንግድ የከበረ ነጭ ነው። የሩፈስ ሚስት የታመመች ጊዜ የራሱን ሐኪም ብሮንክስ፣ ቤታቸው ድረስ ልኮላታል፤ ቀብሯ ላይም በዝናብ ቆሞ አልቅሷል። ይኸው ደግ ሰው ታዲያ አንድ ጎረቤቱ የተዘረፈ ሰሞን ወደ ሩፈስ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት የሚመጣ ጥቁር ሁሉ በኋላ በር፣ በዕቃ ሊፍት ይውጣ። አንተን አይመለከትም፣ ታውቃለህ» አለው።

ሩፈስ ራሱ ጥቁር ነው። «እሺ፣ ሚስተር ፔንሮዝ» አለ። ምን ይበል? ልጆች ያሳድጋል።

ዓመታት አለፉ። ሚስተር ፔንሮዝ ሀብቱ አልበቃው አለና ከንቲባ መሆን አማረው። ያን ጊዜ ነጭና ጥቁር በየሰፈሩ ይደባደቡ ነበር፤ ያለ ጥቁሮቹ ሰፈር፣ ያለ ሃርለም ድምፅ ደግሞ ማሸነፍ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በሃርለም የሚከበሩትን ፓስተር ታልማጅን እራት ጠራ። ለሩፈስ ስለ እንግዳው የነገረው ግን የለም።

ፓስተሩ ቀደም ብለው ደረሱ። የአገልግሎት ልብሳቸውን አልለበሱም፤ ባለቤታቸው የጋገሩትን ኬክ በካርቶን ይዘዋል። ሩፈስ ካርቶኑን አየና፣ «ወንድሜ፣ ዕቃ የሚገባው በኋላ በኩል ነው» አላቸው።

ፓስተሩ ትክ ብለው አዩት። «በኋላ በኩል?»

«አዎ፣ የቆሻሻ በርሜሎቹን አልፈህ፣ በስተግራ።»

ፓስተሩ ወደተባሉት በር ዞሩ። ከነኬካቸው በዕቃ ሊፍት ወጥተው በሚስተር ፔንሮዝ ወጥ ቤት በኩል ገቡ።

ፓስተሩ የደረሰባቸውን ተናገሩና በማግስቱ የጋዜጣው ሁሉ ወሬ ይኸው ሆነ። ከሃርለም የመጡ ሰዎች ሕንፃውን ከበው ጮኹ፤ ከመንገዱ ማዶ የቆሙ ነጮችም የስድብ ናዳ አወረዱባቸው። ሚስተር ፔንሮዝ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ሩፈስ ወረደ።

«ሩፈስ፣ በራሴ ሐሳብ ነው ያደረግኩት በልልኝ። አንተ ጥቁር ነህ፣ ይቅር ይሉሃል። እኔን ግን ቁም ስቅሌን ነው የሚያሳዩኝ።»

«ትዕዛዙስ፣ ሚስተር ፔንሮዝ?»

«የምን ትዕዛዝ?»

ሩፈስ ዓይን ዓይኑን አየው። ሰውየው እየዋሸ አይደለም፤ እውነትም ረስቶታል። ሩፈስን ያንገበገበውም ይኸው ነው። እኔ ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩትን ይሄ ሰው እንዴት ይረሳዋል? አለ በሆዱ። ጡረታው ሊወጣለት ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ከሥራ ቢባረር ያን ሁሉ ዘመን በከንቱ ቆመ ማለት ነው። ቢሆንም ወጥቶ ለጋዜጠኞቹ ትዕዛዙን ቃል በቃል ነገራቸው።

ሚስተር ፔንሮዝ ሳምንት ሳይሞላው ከውድድሩ ወጣ። ሸሪኮቹ ራሱ ካቋቋመው ድርጅት አስወጡት፤ ሚስቱም ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። የሕንፃው አስተዳደር ሩፈስን ሊያባርር አልደፈረም፤ ጋዜጠኛው ገና ከደጅ አልተነሣም ነበር።

እሑድ ሩፈስ ፓስተሩን ይቅርታ ሊጠይቅ ሃርለም፣ ቤተክርስቲያናቸው ሄደ። ምእመናኑ ገና ሲያዩት ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «ጎሽ ወንድማችን! ልክ ልኩን ነገርክልን!» ይላሉ። ፓስተሩም ከመድረኩ ሆነው ፈገግ አሉለት። ሩፈስ የወንበር ጀርባ ጨብጦ ቆመ። ሚስተር ፔንሮዝ አሳዘነው፤ በራሱም አፈረ።

«ባካችሁ አታጨብጭቡልኝ» አለ። «ትዕዛዙ እውነት ነው፣ አልዋሸሁም። ግን ያን ዕለት ፓስተራችሁን ሳያቸው ትዕዛዝ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልነበረም። ጥቁር ሰው ካርቶን ይዞ አየሁ፤ በቃ። እንግዳ ይሆናል ብዬ እኔም አላሰብኩም። ትዕዛዙ ትዝ ያለኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው።»