ለአስለቃሽ ማን ያስለቅሳል

አያቴ አስለቃሽ ነበሩ። ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ደጋ ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ ለዘመድ መርዶ ካሰማ በኋላ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ደጅ ነበር። ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚፈትሉትን የበግ ጠጉር አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይነሣሉ።

ቶሎ ግን አይገጥሙም። መጀመሪያ ሟች ቤት ገብተው ይጠይቃሉ፤ ሚስቱን፣ ጎረቤቱን፣ ከብቱን የሚጠብቅለትን ሰው ሳይቀር። ከዚያ ለቅሶ ሜዳው ላይ ቆመው ያገኙትን ያወጡታል፤ ደግነትም ይሁን ንፍገት። አንድ ሀብታም ገበሬ የሞተ ጊዜ ልጆቹ አስቀድመው መጥተው፣ "እማማ፣ የአባታችንን ቸርነት አደራ ያንሡልን" ብለው ለመኗቸው።

"እሺ ልጆቼ፤ ከእጁ የበላ ሰው ካለ ላኩልኝ" አሉ።

የተላከ ሰው አልነበረም። ቀብሩ ላይ እንዲህ አሉ፦

ጎተራው ሙሉ ነው በጉም አልታረደ፣
ጎረቤት ሳይጠራ ብቻውን ወረደ።

ልጆቹ ተቀየሟቸው። እናታቸው ስትሞት ግን ተመልሰው የመጡት እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው "ደግ ነበረች" ካሉ ሰው ያምናላ።

በመጨረሻው ሕመማቸው ታናሽ ልጃቸውን፣ አክስቴን፣ አጠገባቸው አስቀመጡ።

"እኔን አንቺው አልቅሺልኝ" አሏት። "ያልሆንኩትን ግን አትጨምሪብኝ፤ እዚያ ስደርስ ይስቁብኛል።"

"ኧረ እናቴ፣ አንቺ ላይ ደግሞ ምን ይጨመራል!"

"የሚጨምር ሞልቷል" አሉ አያቴ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ።

አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትፈትልም ስትፈጭም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። አደራው ከብዷታል። በአደባባይ ቆማ አታውቅም፤ እናቷ ባሉበት ማን ይቆማል?

ዘመኑ የሞዴል ገበሬና የአንድ ለአምስት ነበር። አያቴ ሲያርፉ የምሠራበት ጋዜጣ ፈቃድ ሰጥቶኝ ከአዲስ አበባ ስደርስ፣ ከወረዳ የተላከ ወጣት ካድሬ የድምፅ ማጉያ በትከሻው አንጠልጥሎ ግቢያችን ቆሟል። ሙሾና ደረት መምታት ጎጂ ልማድ ስለሆነ እንደቀረ አስረዳን። በምትኩ የአያቴን የሕይወት ታሪክ እሱ ራሱ ያሰማል።

አክስቴ አደራዋን ነገረችው።

"ችግር የለም፣ እትዬ" አላት። "የጎደለ ካለ እኔ እጨምርበታለሁ።"

እኔንም መረጃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ባላቸውን በወጣትነታቸው ቀብረው ልጆቻቸውን ጠጉር እየፈተሉ እንዳሳደጉ ነገርኩት። አስለቃሽ እንደነበሩ ነገርኩት። የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራቸውን ሰው "የሞተ አለ?" ብለው እንደሚጠይቁ፣ "የለም" ሲላቸውም "ታዲያ እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?" ብለው እንደሚመልሱ አልደበቅኩም። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ለቅሶ ሜዳ ደረሰ። ካህናቱ ለፍትሐት እየጠበቁ ነው። ካድሬው ማጉያውን ከፈተ። አያቴ በስብሰባ ተሳትፏቸው ግንባር ቀደም ነበሩ አለ። የአካባቢውን ሴቶች ያደራጁ እሳቸው ናቸው አለ። ጎጂ ልማዶችን አምርረው ታግለዋል አለ። ሐሰት የሚናገር ባለሥልጣን በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ጽፌ አልፈዋለሁ እንጂ አልገረምበትም። ይኼኛው ግን በስማቸው ሲናገር ጽፌ ላልፈው አልቻልኩም። በቃሬዛው ላይ ያሉት አንዲት ሐሰት ሟች ላይ ላለመጨመር ቤት ለቤት ሲጠይቁ የኖሩ ሴት ናቸው።

ንግግሩን ስብሰባ ላይ እንደሚዘጋው ዘጋው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ራእያቸውን ከዳር እናደርሳለን! አመሰግናለሁ!"

ሰውም አጨበጨበ።

ማንም አላዘዘው። ያ ድምፅ በዚያ ቃና ሲያልቅ ለዓመታት ሲያጨበጭብ የኖረ እጅ ነው፤ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ተነሣ። አያቴ ያለቀሱለት ቤተሰብ ሁሉ እዚያ ነበር፤ አጨበጨበ። ከካድሬው ሐሰት ይልቅ ያ ጭብጨባ ቀፈፈኝ። ሬሳ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጧ ጧ ጧ። አንዱ ሽማግሌ መሃል ላይ የሚያደርገው ገባውና እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ፤ ሌሎቹም እየተከታተሉ ማጨብጨቡን ተዉ።

አንዱ ካህን፣ "በሉ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ አንሡት" አሉ። ተሸካሚዎቹ ጎንበስ አሉ። አክስቴ ቃሬዛው ላይ እጇን ጫነችና ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አወጣች፦

እናቴ ተነሺ ሰርግሽ ነው መሰለኝ፣
ሰው ያጨበጭባል የሚያለቅስ የለኝ።

ተሸካሚዎቹ ቀና አሉ። ካድሬው "እናቶች፣ ተነጋግረን ነበር እኮ..." ሲል ማጉያው ጮኸበት። የሴቶቹ እጅ ደረታቸው ላይ ወረደ። ካህኑ ሬሳ አንሡ ማለታቸውን ትተው መቋሚያቸውን ተደገፉ። አክስቴ ደገመችው፤ ሌላ ግን አልጨመረችም። ከዚያ እጇን ከቃሬዛው ላይ አነሣች፤ አያቴም ለፍትሐት ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ቀረበ። ካድሬው ከፊት ተቀምጧል። አክስቴ ሰፌዱን ይዛ ስትደርስበት፣ ሰው እየሰማው፣

"እትዬ፣ ያቺ 'ሰው ያጨበጭባል' ያልሽው ለእኔ ነው እንዴ?" አላት።

"የለም ልጄ፣ ይቺ የእናቴ ናት" አለችው። "አንተ ገና መቼ ሞትክ?"

እሱ ከት ብሎ ሳቀና በሁለት እጁ ንፍሮውን ዘገነ።