ቀስቶቹን የሣልኩት እኔ ነኝ

ሰው አገሩን ጥሎ የሚሸሸው በጨለማ ነው ይባላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት፣ የዓመት ፈቃዴን አለቃዬ ዘንድ አስፈርሜ ነው። «መልካም ዕረፍት አቶ ደምሴ፤ ካርቱም ሙቀቷ አይጣል ነው፣ ውሃ ጠጣ» ብሎ መከረኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብና የዲፕሎማዬ ቅጂ ነበር። ለእናቴ እንኳ «ለአስር ቀን ነው» አልኳት፤ እሷም ስመለስ ሽቶ እንዳመጣላት አዘዘችኝ።

ለምን እንደ ሸሸሁ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወንጀል ችሎት አሥራ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። የሽብር ተጠርጣሪዎች መዝገብ የሚተየበው በእኔ ጣት ነው። ፖሊስ «ምርመራዬን ስላልጨረስኩ ተጨማሪ ቀን ይፈቀድልኝ» ይላል፤ ጠበቃ ይቃወማል፤ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ። ከዚያ እኔ «ችሎቱ የሕዝብን ደኅንነትና የተጠርጣሪውን መብት አመዛዝኖ ተጨማሪ ቀን ፈቅዷል» ብዬ እተይባለሁ። እተይባለሁ ማለቴ ራሱ ውሸት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ እኔ የምቀይረው ስምና ቀን ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያ ሚዛን አንድ ቀን እንኳ ወደ ሌላው ወገን ሲያጋድል አላየሁም።

ፈንጂ የሚያጠምድ ሰው የለም አልልም። አንዱ ተጠርጣሪ በእርግጥ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ደብቆ ተይዟል፤ ፎቶግራፉን ከመዝገቡ ጋር ያያዝኩት እኔ ነኝ። ግን እሱ ቶሎ ተፈረደበት። ማስረጃ የተገኘበት ሰው መዝገቡ ቶሎ ይዘጋል፤ እየተመላለሰ የሚከርመው ምንም ያልተገኘበት ነው። ይህን እያወቅሁ ደመወዜን ተቀብዬ፣ ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቼ ጋር ክትፎ እበላ ነበር።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አንዲት እናት እግሬ ላይ ወድቃ ልጇ የት እንደ ተዛወረ ለመነችኝ። የእስር ቤቱን ስም ነገርኳት፤ ሌላ ምንም አላልኩም። በሳምንቱ ተጠርቼ «ለማን ነው የምትሠራው?» ተባልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ባልደረቦቼ ሰላምታ ነሱኝ። በሦስተኛው አንዷ ታይፒስት በስሜ መዝገብ እየተከፈተ መሆኑን ሹክ አለችኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔም ፈቃድ ጠየቅሁ።

ያኔ ካርቱም ገና አልነደደችም። ከዚያ ወደ ሰሜን በፒካፕ ጀርባ አሸዋ እየቃምን ሄድን፤ ሾፌሩ ሰው ቢወድቅም እንደማይቆም አስቀድሞ ነግሮናል፣ በዚህስ ታማኝ ነበር። ከአስዋን በባቡር ካይሮ ስገባ አንድ ጋላቢያ የሚሉትን ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሽማግሌ ዳቧቸውን ከነአይቡ ቆርሰው ሰጡኝ። ክፉውን ብቻ ጻፈ እንዳትሉኝ ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ሐዳይቅ አል-መዓዲ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ከሦስት ሐበሾች ጋር አንድ ቤት ተከራየሁ። የግብፆች ፉል ዘይትና ሎሚ እንጂ ቃሪያ አያውቅም፤ የበሽተኛ ምግብ ይመስላል። ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ ናፍቆኝ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ከፍቼ ዝም ብዬ የሰማሁበት ቀን አለ። ጠባያቸው ደግሞ ከእኛ የተለየ ነው። ሲጣሉ ሰፈር ያናጋሉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ማሌሽ»፣ ይቅርታ ተባብለው ይሳሳማሉ። እኛ ድምፃችንን ሳናሰማ ሃያ ዓመት እንቀያየማለን።

ሰይድን ያወቅሁት እዚህ ነው። የወሎ ልጅ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ ናስር ሲቲ ሰፈር ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እየኖረ ሃይማኖት ይማራል። ዓረብኛው እንደ ውሃ ስለሚፈስ የስደተኛው ሁሉ አፍ እሱ ነበር። ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ ከአከራይ ያስታርቃል፣ ወደ ስደተኞች ቢሮ ያደርሳል። እኔን «ጋሽ ደምሴ» ነው የሚለኝ። ፈተናው ሲቃረብ በዚህ መመላለስ ደከመው።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዲስ የሚመጣው ሰው የዓረብኛ ጽሑፍ አያነብም፤ እኛ ደግሞ መንገድ የምንለየው በቁጥር አይደለም፣ «ከዳቦ ቤቱ ታጥፈህ፣ ትልቁን ዛፍ አልፈህ» እየተባባልን ነው። «ከሜትሮው በር ጀምረህ እስከ ቢሮው ድረስ ያለውን ፎቶ አንሳው፤ እኔ ቁጥርና ቀስት እሰጠዋለሁ» አልኩት። አነሳ። እኔም እንደ ለመድኩት መዝገብ አድርጌ አደራጀሁት፤ በየፎቶው ላይ ቀይ ቀስት ሣልኩ፣ ከሥሩ ጻፍኩ፣ ስልክ ላይ ቡድን ከፍቼ በድምፄ እያብራራሁ ለሁሉም ላክሁ። አንድ ሰባተኛ ቁጥር አለ፤ «ወታደሩ የቆመበት በር። እሱን አልፋችሁ ወደ ግራ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ስለሚሄድ ወንበሩ ብቻ ነው የሚኖረው፣ እንዳትደናገጡ» ይላል።

አያችሁልኝ? እኔ የጻፍኩት እንዳይጠፉ ብዬ ነው። አሁን ግን በአንድ ዐቃቤ ሕግ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡት።

ሰይድ በጠዋት ከአውቶቡስ ሲወርድ በፖሊሶች «ስልክህን ክፈት» ተባለ። ከፈተ። የሜትሮ በሮች፣ ድልድዮች፣ ጠባቂው ምሳ የሚሄድበት ሰዓት፣ ቀይ ቀስት። ይዘውት ሄዱ። አብሮት የነበረው ተማሪ ደውሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሰይድ አልነበረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። «ሁላችሁም ፎቶዎቹን አጥፉ፤ አሁኑኑ!» ብዬ ጻፍኩ። «ሕግ አውቃለሁ፣ ስሙኝ» አልኩ። የራሴን የድምፅ መልእክቶች ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ ሰረዝኩ፣ ቡድኑንም ዘጋሁት። ሁሉም አመሰገኑኝ። «እንኳን አንተ ኖርክልን» ያለኝም አለ።

ያጠፋሁት ለሰይድ የሚመሰክረውን ነገር ነው። በሰይድ ስልክ ውስጥ የቀረው ድምፅ የሌለው ፎቶ ብቻ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ማስረጃ ሲያያይዝ የኖረ ሰው እንደ እኔ ይደነቁራል?

በማግስቱ ሁሉም ሐጋ የሚሏት የቤታችን ባለቤት ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ሰይድን ታውቀዋለች፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን እየሄደ ያመጣላት ነበር።

«እሱ ልጅ ኢርሃቢ ነው አሉ» አለችኝ። አሸባሪ ማለቷ ነው። «አንተ ከሱ ጋር ነህ?»

«አይደለሁም ሐጋ። ብዙም አላውቀውም።»

«ጥሩ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ጸጥተኛ ነህ። ግን እሱም ጥሩ ሰው ነበር። ታዲያ ጥሩነታችሁን በምን ልመን?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ትንሽ ክፉ ሁን» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ ኮስተር ብላ የመኖሪያ ፈቃዴን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። «ለመንግሥት ነው፣ ማሌሽ።»

«ብዙም አላውቀውም» ያልኩት ቃል ቀኑን ሙሉ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ጉዳዩን በነጻ የያዘችው ኡስታዛ ሐናን የምትባል ግብፃዊት ጠበቃ ናት፤ ቢሮዋ መሀል ከተማ ነው። አሥራ አምስት ቀን ተፈቀደ፣ ሌላ አሥራ አምስት ቀን ታደሰ። ሁለተኛው ላይ ዐቃቤ ሕጉ የተናገረውን ነገረችኝ፤ «ምናልባት ንጹሕ ነው። ግን ባይሆንስ? እኔ ብፈታውና ነገ ሜትሮ ቢፈነዳ አንቺ ትጠየቂያለሽ?» አላት። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። የሚያስጠላው ይህ ነው፤ መልስ የለውም። «ባይሆንስ» ከተባለ በዓለም ላይ የሚፈታ ሰው አይኖርም። እንዲህ ብዬ ስላት ተገርማ አየችኝ። ይህንን ሁሉ በቃሌ የማውቀው ከየት እንደሆነ አልነገርኳትም።

በዚህ መሀል እትዬ አለሚቱ ብቅ አለች። ዛማሌክ የሚባል ሰፈር አንድ ባለጸጋ ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ፊደል ስለማታውቅ «አጥፉ» ያልኩትን አላነበበችም። ፎቶዎቹና ድምፄ የነበሩበት ስልኳ መስታወቱ ተሰንጥቆ፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ፣ ሻንጣ ውስጥ ተጥሎ ነበር፤ እኔ ስሰርዝ እዚያ ድረስ አልደረሰም። የሰይድን መታሰር ስትሰማ ቻርጅ አድርጋ እኔ ዘንድ መጣችና ሦስታችን ጠበቃዋ ቢሮ ተገናኘን። የገዛ ድምፄ ክፍሉን ሞላው፤ «ወገኖች፣ ይህ ወደ ስደተኞች ቢሮ የሚወስደው መንገድ ነው፤ የቀጠሮ ወረቀታችሁን እንዳትረሱ…»

«በጣም ጥሩ!» አለች ኡስታዛ ሐናን፤ ዓይኗ በራ። «ግን ተናጋሪው ማን ነው? ያለ ባለቤት ድምፅ ብቻውን አይጠቅመኝም። ቀርቦ ‹የእኔ ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ› ብሎ መፈረም አለበት።»

እኔ ጣሪያውን አየሁ። እትዬ አለሚቱ እኔን አየችኝ።

«የሱ ነው» አለች በተሰባበረ ዓረብኛዋ፣ በጣቷ እያሳየችኝ።

«ብፈርም ምን ይመጣብኛል?» አልኩ።

«አላውቅም። ሻይ ሊጋብዙህ ይችላሉ። ከሱ ጎን ሊያስቀምጡህም ይችላሉ። አልዋሽህም።»

ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ስጠብቅ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ የደኅንነት ማጣሪያ ቃለ መጠይቄ በሚቀጥለው ወር ነው። በሽብር መዝገብ ውስጥ ስሙ የገባ ሰው ማን ይቀበለዋል?

«ጥቂት ቀን ስጪኝ» አልኳት።

«ዐቃቤ ሕጉም የሚለኝ ይህንኑ ነው» አለች፤ አልሳቀችም።

ስንወጣ እትዬ አለሚቱ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ደምሴ፣ ያ ልጅ እኮ እኔን አዝሎ ነው ሐኪም ቤት ያስገባኝ። እኔ ባነብና ብጽፍ ኖሮ የእኔ ነው ብዬ እፈርም ነበር፤ በውሸትም ቢሆን።» ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ሦስተኛው አሥራ አምስት ቀን ያለ እኔ ፊርማ ታደሰ። ጠበቃዋ ሰይድ መክሳቱን፣ ጆሮው ላይ ቁስል መውጣቱን ነገረችኝ። «ጋሽ ደምሴ ደኅና ነው ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ስሜን አላወጣም፤ አንድም ቀን። ቀስቱን ማን ሣለው ሲሉት «እኔ» እያለ ነው።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ ከወሎ ተደወለልኝ።

«ደምሴ ነህ ልጄ? የሰይድ እናት ዘይነባ ነኝ። እስክንድርያ ለትምህርት ሄዷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል ያላችሁኝን ውሸት ደርሼበታለሁ፤ አውፍ ብያችኋለሁ፣ ይቅር ብያለሁ። አንተ የፍርድ ቤት ሰው ነህ አሉኝ። አላህ ነው አንተን እዚያ ያቆመልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ደጅህን ክፉ አይርገጠው።»

አሜን ማለት አቃተኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ቀስቱን፣ የወታደሩን ምሳ፣ «አጥፉ» ማለቴን፣ ያልፈረምኩትን ወረቀት። ከበስተኋላዋ ሰው እንጨት ሲፈልጥ ይሰማል።

«አሁን ሊቃና ይችላል?» አለች በመጨረሻ።

«ብፈርም ሊረዳው ይችላል እናቴ።»

«ወረቀቱ የት ነው?»

«ጠበቃዋ ቢሮ።»

«ሩቅ ነው?»

«በሜትሮ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ታወራለህ? ዝጋውና ሂዳ ልጄ።»

ራሷ ዘጋችው።

ያ ሰኞ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው፤ ሰይድ እሁድ ጠዋት ይቀርባል። ጠበቃዋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትጠብቃለች። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፍላችኋለሁ።