የአያቴ ዋርካና የፈረንጆቹ ጥድ

ልጅ ሳለሁ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው መንደራችን፣ መስከረም ገብቶ ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ አያቴ ቤት እንሮጥ ነበር። የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ ሊደርስ ነው ማለት ነውና፣ ያኔ አያቴ ተረት አይነፍገንም። ቤቱ እንደ ተገለበጠ ቅርጫት ከፍ ያለ የሣር ቤት ነበር፤ በአንዱ ወገን ላሞቹ ያመሰኳሉ፣ በሌላው ወገን እኛ በእንሰት ቅጠል ምንጣፍ ላይ ተደራርበን እንቀመጣለን፣ እርጥቡ እንጨት ዓይናችንን በጭስ እያስለቀሰው፣ ፍሙ ፊታችንን እያሞቀው፣ አያቴ በዝግታ ይጀምራል።

ከሁሉም የምወደው የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት ነበር። በአንዲት ጥጃ ተጣልተው ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የጊፋታ ዋዜማ ይደርሳል። ታላቅየው ችቦውን ሊለኩስ ቢል እሳት እምቢ ይለዋል፤ እፍ ቢል ጭስ ብቻ። ወንድሙ ዘንድ ፍም ሊለምን ቢሄድ የዚያም ምድጃ ጠፍቶ ያገኘዋል። ተፋፍረው ጥቂት ይቆሙና፣ ጎን ለጎን ተንበርክከው ከአመዱ ሥር የቀረችውን አንዲት ጨለምለም ያለች ፍም አብረው እፍ ሲሏት ቦግ ትላለች። አያቴ እዚህ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ከፊቱ ያለውን ፍም እውነት እፍ ይለው ነበር፤ እኛም እሳቱ ሲነሣ እንጮኻለን። «ስለዚህ እኛ ቂም ይዘን ወደ አዲስ ዓመት አንሻገርም» ይለናል።

በደጃፉ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረው። በየጊፋታው ግንዱን ቅቤ ይቀባዋል፤ አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር አሉ። ለማን ብሎ እንደሚቀባው ጠይቄው አላውቅም፤ ዛሬ ቢሆን እጠይቀው ነበር።

አባቴ ባሳ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ፈረንጆች ያመጡትን ሃይማኖት ሲቀበል እኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ይህን የማወራው አባቴን ለመክሰስ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልናገር፤ ከማመኑ በፊት ይጠጣ ነበር፣ ጠጥቶ ሲመጣ እናቴን ይመታ ነበር። ካመነ በኋላ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። እናቴ በዚያ ሃይማኖት ያመነችው ከስብከቱ ይልቅ በዚህ ይመስለኛል፤ እኔም እንደዚያው።

ችግሩ የመጣው በጉባኤያችን ያስተምር ከነበረው ሰው ጋር ነው። ወላይታ ነው፤ የፈረንጆቹን ቋንቋ ጥቂት የተማረ፣ ድምፁ የሚያምር፣ ራሱን የማይጠራጠር ሰው ነበር። አንድ እሁድ ተነሥቶ ጊፋታ የሰይጣን በዓል ነው አለ። የጊፋታን ችቦ የለኮሰ፣ ሥጋውን የበላ፣ የዕርቁን ሣር በእጁ የነካ ከጉባኤው ይወጣል አለ። ቅቤ የሚቀቡ ዛፎችም ይቆረጡ፣ የሽማግሌዎቹ ተረትም ልጆቹን ያጠፋልና ይቅር አለ።

አባቴ ቆረጠው። አያቴ ተበላ ወደምትባለው ከተማ ገበያ የወረደበትን ቀን ጠብቆ፣ ከሁለት አማኞች ጋር ሆኖ ዋርካውን ጣለው። አያቴ ሲመለስ ቀድሞ ጥላ በነበረበት ደጅ ፀሐይ ተንጣሎ ነበር። ጉቶውን በመዳፉ ዳሰሰና ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ መነጋገር አቆሙ።

የጊፋታ ዋዜማ ሲደርስ ግን አያቴ መጣ። በመንደራችን ልማድ በደለኛው ነው እርጥብ ሣር ይዞ የተበደለው ደጅ የሚሄድ። የተበደለው እሱ ሆኖ ሳለ ሣሩን ይዞ የመጣው እሱ ነበር። ካፊያ ያርከፈክፋል። እናቴ በሩን ስትከፍት አባቴ ቀድሟት ደፉ ላይ ቆመ።

«ባሳ ልጄ» አለ አያቴ፤ «ቂሜን ትቼ መጥቻለሁ። እጅህን ስጠኝ።»

«ሣሩን ጥለህ ግባ፣ አባ። በጉባኤ ፊት ቃል ገብቻለሁ።»

«ሣሩ ምን አደረገህ? ላም የምትግጠው ሣር እኮ ነው።»

«የጣዖት ዕርቅ ነው። በዓሉ ይለፍና ና፤ ያኔ እንታረቃለን።»

«የጣዖት ዕርቅ» አለ አያቴ፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ ዞሮ በካፊያው ውስጥ ሄደ።

እኔ አላስቻለኝም። «ከተጣላችሁት ሳትታረቁ አትጸልዩ ተብለን አልነበር? ባለፈው እሁድ!» ብዬ ጮኽሁ። እናቴ አፌን በእጇ ከደነችው። አባቴ ግን የሰማኝ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን የሶዶ ከተማ ሰዎች፣ ከሰሜን የመጡት ሹማምንትና ቤተ ሰቦቻቸው፣ የመስቀል ደመራ ለኮሱ። የእነሱ እሳት የክርስቶስ ነው፣ የወላይታ ችቦ ግን የአረመኔ ነው ይሉን ነበር። አስተማሪያችን ደግሞ የእነሱንም የእኛንም አረመኔ አለው። እኔ ልጅ ነኝ፤ ሁለቱንም ከሩቅ አየኋቸው፣ ሁለቱም እንጨት ይበላሉ፣ ሁለቱንም ልጆች እየዘለሉ ይዞሯቸዋል። ሁሉም ሰው አረመኔውን እሳት ከራሱ ግቢ ውጭ ብቻ ማግኘቱ ያኔም አናዶኛል።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ። የፈረንጆቹ ገና ከእኛ አገር ገና ቀድሞ ይውላል፤ በዚያ ዓመት ወደ ተበላ በሚወርደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት የአማኞችን ልጆች ከነወላጆቻቸው ጠሩ። እናቴ ፀጉሬን ቅቤ ቀባችኝ። ከቤታቸው ስንገባ በክፍሉ መካከል አንድ ለጋ ጥድ ከነቅርንጫፉ ተተክሎ አየሁ። ባለ ቀለም ክር ተጠምጥሞበታል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ትንንሽ ሻማዎች በርተውበታል። ልጆቹ በደስታ አፋቸውን ከፈቱ። አስተማሪው ከዛፉ ሥር ቆሞ መዝሙር ያስጀምራል።

እኔ አልዘመርሁም። መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ አስተማሪው ሄድሁና «ይህ ዛፍ ለምንድን ነው? ጠይቅልኝ» አልሁት። በሰው ፊት ስለሆነ እምቢ አላለኝም፤ ጠየቀልኝ። ሴትየዋ ደግ ፊት ነበራት። ጎንበስ ብላ እያየችኝ መለሰች፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ተረጐመው። በአገራቸው ጥንት፣ ወንጌል ሳይደርሳቸው በፊት፣ አያቶቻቸው በብርድ ወራት እንዲህ ያለ ለምለም ቅርንጫፍ ያከብሩ ነበር አሉ፤ ክርስቲያን ሲሆኑ ጊዜ አልጣሉትም፣ ለኢየሱስ ልደት አደረጉት።

ከዚያን ቀን በፊት ከቤታችን ውጭ አዋቂ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«የእነሱ አያቶች ዛፍ ለኢየሱስ ከሆነ፣ የእኔን አያት ዛፍ ለምን ቆረጣችሁት?»

ወላይትኛ የሚያውቅ ሁሉ ሰምቷል። ሴትየዋ ብቻ አልገባትም፤ ፈገግ እንዳለች ወደ አስተማሪው ዞራ ምን እንዳልሁ ጠየቀችው። እሱም ሁለት ቃል መለሰላት። እሷ እጆቿን አጨበጨበችና ጉንጬን ሳመችኝ። ኋላ ከልጆቹ አንዱ፣ ቋንቋውን ጥቂት የሚሰማ፣ ምን ብሎ እንደተረጐመው ነገረኝ፤ «ደስ ብሏታል» ነበር ያላት።

አባቴ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ዱላ ጠብቄ ነበር። ወደ ቤታችን የሚታጠፈው መንገድ ጋ ስንደርስ ግን አልታጠፈም፣ ቀጥ ብሎ ወደ አያቴ ቤት ሄደ። አያቴ ደጃፉ ላይ ጀምበሯን ይሞቃል። አባቴ ከፊቱ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባ፣ በደልሁህ» አለ።

አያቴ እጆቹን አየ። «ሣር አልያዝህም» አለው።

«አልያዝሁም።»

«ቢሆንም ግባ።»

ገባን። ወተት ሰጠን። እኔ ሁሉ ነገር የተመለሰ መስሎኝ በደስታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁና «ተረት ንገረን» አልሁት። አያቴ አባቴን በስሱ አየ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ ተረት ልጆቹን ያጠፋል ብላችኋል፤ እኔም አላጠፋቸውም» አለ። አባቴ «ንገራቸው» ሊል አፉን ከፈተ፣ ጉባኤው ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። አያቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ፤ በደስታ ይቀበለን፣ ያጫውተን ነበር፤ ተረት ግን አንድም አልነገረንም። የእኔ ታናናሾች የወንድማማቾቹን ታሪክ የሰሙት ከእኔ ነው፣ እኔ ደግሞ እንደ እሱ አልችልበትም።

ዛሬ አሮጊት ነኝ፤ በዚያችው ሃይማኖት ጸንቻለሁ። ጊፋታ ውስጥ መተው የነበረበት ነገር አልነበረም አልልም፤ ምናልባት ቅቤውም አንዱ ነበር። አንድ ክርስቲያን ስለሚያከብረው በዓል ከየት መጣህ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የሚያናድደኝ ጥያቄው የቀረበው ለእኛ ብቻ መሆኑ ነው። የእነሱን አጥበው ለበሱት፤ የእኛን ሳያጥቡት ጣሉት፤ ጣሉት ስል ደግሞ የጣልነው በገዛ እጃችን ነው፤ ይህ ከሁሉ ይብስብኛል።

ያቺ ፈረንጅ ሴት ጥያቄዬ ገብቷት ቢሆን ኖሮ ምን ትል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ቀና ሰው ነበረች፤ ስለ ራሷ አያቶች ሳትደብቅ ነግራናለች። ምናልባት ታፍር ነበር፤ ምናልባት አብራኝ ወደ አያቴ ደጅ ትሄድ ነበር። ጣሊያን ሲመጣ ከባሏ ጋር ከአገር ወጣች። ያቺ ልጅ ደስ ብሏት ነበር ብላ እያሰበች ነው የሄደችው።