እንዳትበርድ የተባለችው ሳጥን

በደርግ ዘመን ባለቤቴ ሞጣ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። አንድ ቀን በጨረታ ከተሸጠ አሮጌ የጦር ሬዲዮ ውስጥ ጡጫ የምታህል የብረት ሳጥን ፈልቅቆ አመጣና በእሷ የሚሠራ ሰዓት ገጣጠመ። ውስጧ ክሪስታል የሚሉት ነገር አለ፤ እሱ ሙቀቱ ሳይለዋወጥ ሲርገበገብ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይቆጥራል። ሬዲዮ የሰዓት ድምፅ ባሰማ ቁጥር ጆሮውን ደቅኖ ያመሳክራል፤ ሳይዛነፍ ሲያገኘው እንደ ሕፃን ይፈነድቃል።

«ምነው አዲስ ብትፈልግ? የወታደር ውራጅ!» አልኩት። ምላሴ አያርፍም።

«የአዲሱ ክሪስታል አረጋገብ ገና ይለዋወጣል፤ አሮጌው መለዋወጡን ጨርሷል። ብቻ እንዳትበርድ። አንዴ ከበረደች እስክትረጋ ሳምንታት ትፈልጋለች።»

የከተማው መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ስለነበር ሳጥኗን የሚያሞቃት በመኪና ባትሪ ነው። ባትሪውን ወፍጮ ቤት እናስሞላለን።

ነፍሰ ጡር ሳለሁ ለሰሜኑ ጦርነት ጠሩት። በር ላይ ቆሞ ስለ ሆዴ ምንም ሳይል «እስክመለስ እንዳትበርድ» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ቢሆንም ተመልሶ ሰዓቱን ሲያመሳክር ደስ እንዲለው ፈለግሁና ባትሪውን እያመላለስኩ አስሞላ ጀመር።

ኋላ ላይ ባለወፍጮው ራሱ ቤቴ ድረስ ያመጣልኝ ጀመር። «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እታለም» ይለኛል፣ መሬት መሬት እያየ። ለሆዴ ያዘነ መስሎኝ ነበር።

ለወሊዴ የባለቤቴ እናት ከቢቸና መጡ። ገንፎውን እያገነፉ፣ እያሳቁኝ፣ ከጎኔ አልተለዩም። ሥራ በቀለለላቸው ቁጥር ግን ሰዓቱ አጠገብ ይቀመጡና እጃቸውን ሳጥኗ ላይ ያሳርፋሉ።

«እማማ፣ እንቁላል የታቀፉ መሰሉ እኮ!» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ልጄ ክርስትና በተነሣ ማግሥት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድ ጎረቤት ግቢውን ሞላው። መርዶ ነበር። ባለቤቴ የሞተው ልጁ ሳይወለድ ነው። ድንጋጤው እንዳይጎዳኝ ብለው ደበቁኝ እንጂ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቁ ነበር። ባለወፍጮውም። የባለቤቴ እናትም ከቢቸና የመጡት ሐዘናቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው። በሁሉም ላይ ተቆጣሁ፤ በሞተውም ጭምር።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ሰዓቱን ሳየው ቆሟል። ባትሪውን ያስታወሰ አልነበረም። እናቱ ሳጥኗን ነኩና እጃቸውን ቶሎ አነሡ።

«በርዳለች» አሉ።

«ይተዉት እማማ፣ ከእንግዲህ ለማን ብለን?»

«ቀጥይልኝ ልጄ። አሁን እንኳ ሐዘኔን ሳልደብቅ ልንካት።»

ባለወፍጮው ያመጣውን ባትሪ ቀጠልኩላቸው። እስክትሞቅ ድረስ አጠገቧ ተቀምጠን አለቀስን።